ሀብትና አደራ፤ ስለ ካርዲፍ ማልያ ቀለም

በዚህ ዓለም በገንዘብ የሚገዛው ነገር ብዙ ነው። ቤት ይገዛል፤ መሬት ይገዛል፤ የሰውም ጕልበትና ጊዜ በደመወዝ ይገዛል። ነገር ግን ሻጭ ቈጥሮ ሊያስረክበው፥ ገዥም በውል ጽፎ ሊረከበው የማይቻል ነገር መኖሩን አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቤት የገዛ ሰው ግድግዳውንና ጣራውን ይረከባል እንጂ በዚያ ቤት ተወልደው ያደጉትን ልጆች ትዝታ አይረከብም። ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ብቻ የነበረ እንደ ሆነ አፍርሶ ሌላ ቢሠራበት ጠያቂ የለውም። የገዛው ነገር የብዙ ሕዝብ ትዝታ የተከማቸበት ሲሆን ግን «ገንዘቤ ነውና እንደ ወደድሁ አደርገዋለሁ» ማለት ለተናጋሪው ቀላል፥ ለሰሚው ከባድ ይሆናል።

ይህን እንድንናገር ያነሣሣን በእንግሊዝና በዌልስ አገር በእግር ኳስ ክለቦች ባለቤቶችና በደጋፊዎቻቸው መካከል ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚደረገው ክርክር ነው። ከአገራችን ወጣቶች፥ ከሽማግሌዎቻችንም ቢሆን፥ የእንግሊዝን ሊግ ጨዋታ በየሳምንቱ የሚከታተሉት እጅግ ብዙዎች ስለ ሆኑ ነገሩ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንባቸውም። ክርክሩ የተነሣባቸው ከተሞች ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚገኝበት በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ የሆነው ነው ብለን ስለምናምን ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥተን እናቀርባለን። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የካርዲፍ ክለብ የተመሠረተው በ1899 ዓ.ም. ነው። መሥራቾቹም ባለጸጎች አልነበሩም። በሪቨርሳይድ ሰፈር በበጋ ክሪኬት የሚጫወቱ ወጣቶች ክረምቱ ሲገባ እንዳይበታተኑ ሲሉ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ ቡድኑም በሰፈራቸው ስም ሪቨርሳይድ ተባለ። በ1908 ዓ.ም. ካርዲፍ ሲቲ የሚለውን ስም ይዞ ሰማያዊ ማልያ ለበሰ። በ1911 ዓ.ም. የቤልጅጉ ደራሲ ሞሪስ ሜተርሊንክ የጻፈው «ሰማያዊው ወፍ» የተባለው ቴአትር በከተማው ታይቶ ስለ ነበረ ሕዝቡ ተጫዋቾቹን «ሰማያዊዎቹ ወፎች» ብሎ ሰየማቸው ይባላል። ይህን የቍልምጫ ስም አንድ ሹም በደብዳቤ አላዘዘውም፤ ሕዝቡ ራሱ አውጥቶ ራሱ ለልጁ አወረሰው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ክለቡ ያገኘው ትልቁ ክብር በሚያዝያ ወር 1927 ዓ.ም. የሆነው ነው። በሎንዶን በዌምብሌይ ሜዳ በተደረገው የእንግሊዝ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ካርዲፍ አርሰናልን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ዌልስ ወሰደ። ሂዩ ፈርጉሰን የመታት ኳስ በአርሰናሉ በረኛ በዳን ልዊስ እጅ ውስጥ አምልጣ ገባች፤ የሚያስደንቀውም በረኛው ራሱ የዌልስ ተወላጅ መሆኑ ነው። ያ ጨዋታ በብሪታንያ ራዲዮ ከተላለፉት የዋንጫ ፍጻሜዎች የመጀመሪያው ስለ ነበረ ወሬው በየቤቱ ተሰማ። እስከ ዛሬም ድረስ ከእንግሊዝ አገር ውጭ ያለ ክለብ ያን ዋንጫ የወሰደው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባት ለልጁ፥ ልጅም ለልጁ የሚነግረው የካርዲፍ ክብር ይህ ነው፤ በዚያም ቀን ተጫዋቾቹ የለበሱት ሰማያዊ ነበረ።

ከክብር በኋላ ግን ረጅም ድካም መጣ። ክለቡ በ1962 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ክፍል ከወረደ በኋላ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ወደዚያ መመለስ ተሳነው። በእነዚያ ዓመታት ደጋፊ ሆኖ መቈየት ዋንጫ ለመቍጠር ሳይሆን ታማኝነትን ለመጠበቅ ብቻ ነበረ። ዕዳም በዕዳ ላይ ተጨመረ፤ በ2010 ዓ.ም. ግብር አልከፈለም ተብሎ እስከ ፍርድ ቤት ተከሰሰና ለመፍረስ ተቃረበ።

እንግዲህ የማሌዥያው ባለጸጋ ሚስተር ቪንሰንት ታን የገቡት በዚህ የጭንቅ ጊዜ ነው። የበርጃያ ኩባንያዎች መሥራች የሆኑት እኒህ ሰው ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በ2010 ዓ.ም. ወደ ክለቡ መጥተው ገንዘባቸውን አፈሰሱ፤ ዕዳ ከፈሉ፤ ተጫዋች ገዙ። ፍርድ እንዳናጓድል ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል። ካርዲፍን ከውድቀት ያወጣው የደጋፊ ዝማሬ አይደለም፤ የባለጸጋው ገንዘብ ነው። ደጋፊዎቹም ይህን አልካዱም፤ በአደባባይ አመሰገኗቸው እንጂ።

ክርክሩ የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በግንቦት ወር፥ ማልያው ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሊለወጥ፥ ከደረቱም ላይ ወፉ ተነሥቶ ዘንዶ ሊተካ ታስቧል የሚል ወሬ ወጣ። ሕዝቡ ስለ ጮኸ ክለቡ አሳቡን ተውሁት አለ። አንድ ወር ሳይሞላ ግን በሰኔ መጀመሪያ ቀዩ ማልያ መጽደቁ በይፋ ተነገረ። ከዚህም ጋራ ለዕዳ መክፈያ፥ ለልምምድ ሜዳና ለስታዲየም ማስፋፊያ ብዙ ገንዘብ እንደሚወጣ ተስፋ ተሰጠ፤ ጋዜጦችም ገንዘቡ እስከ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል ብለው ጻፉ።

የባለቤቱ ምክንያት ከንቱ ነበረ ለማለት አይቻልም። በእኛ ዘንድ ዘንዶ የክፉ ነገር ምሳሌ ሆኖ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ በጦር ሲወጋ የምናየው ነው፤ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ግን የኃይልና የመልካም ዕድል ምልክት ነው፤ ቀይ ቀለምም እንዲሁ። በዌልስም ቢሆን ቀይ ዘንዶ በሰንደቅ ዓላማቸው ላይ ያለ፥ የአገሪቱም ብሔራዊ ቡድን ቀይ የሚለብስ ነው። ስለዚህ ቀይ ማልያና ዘንዶ ቢደረግ በእስያ ገበያ ብዙ ይሸጣል፥ ዌልስንም አያስቀይምም ብለው አሰቡ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም ጕድለት የለበትም። ጕድለቱ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ማልያውን በየሳምንቱ ለብሶ በዝናም ውስጥ የሚቆመውን ሰው የሚጠይቅ መስመር በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ በካርዲፍ ደጋፊዎች መካከል መለያየት ገባ። አንዱ ወገን «ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ስንጠብቅ ኖረናል፤ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣን ከሆነ የልብስ ቀለም ምን ያደርግልናል?» አለ። ሁለተኛው ወገን «ራሳችንን ለውጠን የምናገኘው ድል የማን ድል ይባላል?» ሲል መለሰ። ሦስተኛውም ወገን ዝም ብሎ ወንበሩን ለቅቆ በቤቱ ቀረ። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ሲቀር ልጅ ይሄድ ነበር፤ ወንድማማች ይነቃቀፍ ነበር። እኛ ከሩቅ ሆነን ስናየው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ባለቤቱ የለወጡት ጨርቅ መስሏቸው ነበር፤ የተነካው ግን የሰዎቹ እርስ በርስ ኅብረት ነው።

ደግሞም ነገሩን ይበልጥ የሚያስቸግር የሚያደርገው ድሉ መምጣቱ ነው። ቀይ የለበሰው ቡድን በ2013 ዓ.ም. የሁለተኛውን ክፍል ሊግ በአንደኛነት ፈጽሞ ከ51 ዓመት በኋላ ወደ መጀመሪያው ክፍል ወጣ። በነሐሴ ወርም በሜዳው ማንቸስተር ሲቲን 3 ለ 2 አሸነፈ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «እነሆ፥ ባለጸጋው ትክክል ነበሩ» ማለት ጀመረ። ስታዲየሙ ሲሞላ ሰማያዊ ሻርፕ በአንገታቸው የጠመጠሙ ደጋፊዎች ቀይ ለለበሰው ቡድናቸው ያጨበጭቡ ነበር። ደስታቸው እውነተኛ ነው፤ ኀዘናቸውም እውነተኛ ነው። ሁለቱን በአንድ ልብ መሸከም ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው።

ድሉ ግን አልሰነበተም። ባለቤቱና አሠልጣኙ ማልኪ ማካይ በተጫዋች ግዢ ወጪና በሥራ አመራር ተጣሉ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባለቤቱ አሠልጣኙን ወይ ሥራህን ልቀቅ ወይ ትሰናበታለህ የሚል ቃል ላኩበት፤ በዚያው ወር በ27ኛው ቀንም አሰናበቱት። በእርሱ ቦታ የተሾመው የኖርዌዩ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ቡድኑን ሊያድነው አልቻለም። ካርዲፍ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከሁሉ በታች ሆኖ ወረደ።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ቡድኑ ሲያሸንፍ በድል ጩኸት ተሸፍኖ የነበረው ቅሬታ ሽንፈት ሲመጣ ሁሉ ተገለጠ። ሰማያዊ እንዲመለስ የሚጠይቁ ማኅበሮች ተነሡ፤ ሰልፍ ተደረገ፤ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው መምጣቱን ተወ። ከ33 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ስታዲየም በጥር መጀመሪያ 2015 ዓ.ም. ከኮልቸስተር ጋራ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ የተገኘው ተመልካች ከ5 ሺህ ያነሰ ነበረ። ድንጋይ አልተወረወረም፤ መስኮት አልተሰበረም፤ ባዶው ወንበር ግን ከድንጋይ ይልቅ ጮኸ።

በዚያው በጥር ወር ባለቤቱ የደጋፊዎችን እንደራሴዎች አነጋገሩ። በማግሥቱም ክለቡ ወደ ሰማያዊ እንዲመለስ ፈቀዱ። ለዚህ ውሳኔ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በጣም የሚገባ ነው፤ ይኸውም በቡድሃ ሃይማኖት የጸኑት እናታቸው ስለ ኅብረት፥ ስለ አንድነትና ስለ ደስታ ስለ መከሯቸው ነው አሉ። የገበያ አዋቂዎች ያላሳመኗቸውን፥ ጋዜጣና ሰልፍም ፈጥኖ ያላስመለሳቸውን ሰው የእናት ቃል መለሳቸው። የእናቱን ምክር ሰምቶ በአደባባይ ከውሳኔው የተመለሰ ሰው ተሸነፈ አይባልም። ክለቡን እንደ ተረከበ የዚያን ቀን ገባው ይባላል እንጂ።

በጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርዲፍ ሰማያዊ ለብሶ ፉላምን 1 ለ 0 አሸነፈ። በኋላም አዲስ የደረት ምልክት ሲሠራ ወፉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ለዘንዶውም ከግርጌ ትንሽ ስፍራ ተተወለት። ባለቤቱም ደጋፊውም የሚኖሩበት ዕርቅ በዚያች ትንሽ ምልክት ላይ ተሣለ ለማለት ይቻላል።

ማንም አንባቢ ግን ከዚህ ታሪክ «ሰማያዊ ያሸንፋል፥ ቀይ ይሸነፋል» የሚል ትምህርት እንዳይወስድ እናስጠነቅቃለን። ቡድኑ በቀይ ወጥቶ በቀይ ወርዷል፤ በሰማያዊም በ2018 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቶ በ2019 ዓ.ም. ወርዷል፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ሦስተኛው ክፍል ዝቅ ብሏል። ቀለም ጐል አያገባም። ልዩነቱ በሽንፈት ቀን ነው የሚታወቀው። ሰው በራሱ ቀለም ሲሸነፍ አዝኖ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል፤ በሌላ ሰው ቀለም ሲሸነፍ ግን የሚመለስበት ምክንያት ይጠፋበታል።

አንዳንድ ሰው «ሰማያዊውስ ቢሆን ከመጀመሪያ ጀምሮ የነበረ ነውን? ሪቨርሳይድ በተባለ ጊዜ ቡናማና ወርቃማ ይለብሱ አልነበረምን?» ብሎ ይከራከር ይሆናል። እውነት ነው፤ ቀለም ዘላለማዊ አይደለም። ያን ጊዜ ቀለሙን የለወጡት ግን የክለቡ ሰዎች ለራሳቸው ሲሆኑ በ2012 ዓ.ም. የለወጡት ከሩቅ የመጡ ሰው ለሌላ ገበያ ብለው ነው። ልማድ መለወጡ ብቻ ነውር አይሆንም፤ ሕዝብ ሳይጠየቅ መለወጡ ነው ቅሬታ የሚያመጣው።

ከዚህ ጋራ በእንግሊዝ በሃል ከተማ የሆነውን ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የግብፅ ተወላጅ የሆኑት ሚስተር አሴም አላም በ1968 ዓ.ም. ወደዚያ ከተማ መጥተው በኢንዱስትሪ የበለጸጉ፥ ለከተማውም በጎ አድራጊ የነበሩ ሰው ናቸው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሃል ሲቲ የተባለውን ክለብ ከውድቀት አዳኑት። በ2013 ዓ.ም. ግን ስሙን ወደ «ሃል ታይገርስ» እለውጣለሁ፤ «ሲቲ» የሚባሉ ክለቦች ብዙዎች ስለ ሆኑ አጭር ስም ለንግድ ይሻላል አሉ። ደጋፊዎቹም እስክንሞት ድረስ ሲቲ ነን ብለው ተነሡ። ባለቤቱ በቍጣ፥ ሞትን ከፈለጉት ፈጥነው ሊሞቱ ይችላሉ የሚል ትርጕም ያለው መልስ ሰጡ። ይህም ቃል ካደረጉት በጎ ነገር ሁሉ ይልቅ በሰው አፍ ውስጥ ቀረ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጉባኤ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ነገሩ በሽምግልና ዳኞች ዘንድ ታይቶ እንደ ገና ቢቀርብለትም በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ከለከለ። ክለቡን ያዳኑት ሰውና የዳነው ክለብ ደጋፊዎች እንደ ተቀያየሙ ብዙ ዓመት ቈዩ፤ ክለቡም በ2022 ዓ.ም. ለሌላ ተሸጠ።

በካርዲፍ ባለቤቱ ራሳቸው ተመለሱ፤ በሃል ጉባኤ ከለከለ። በሎንዶን በዊምብልደን ግን የሚመልስም የሚከለክልም አልተገኘም። በ2002 ዓ.ም. የተሰየሙ ሦስት ሰዎች ክለቡ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ሚልተን ኪንስ ከተማ እንዲሄድ ፈቀዱ። የቀሩትም ደጋፊዎች አልቅሰው አልቀሩም። በዚያው ክረምት የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ፤ በሜዳ ላይ ተጫዋች መርጠው ከዝቅተኛው ክፍል ጀመሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ ታላቁ ሊግ አራተኛ ክፍል ደረሱ፤ በ2020 ዓ.ም. ወደ ጥንቱ ሰፈራቸው ተመልሰው አዲስ ሜዳ ከፈቱ። ሕዝቡ የሌለበት ክለብ ስሙን ብቻ ይዞ እንደሚሄድ፥ ስሙ የተወሰደበት ሕዝብ ግን ክለቡን እንደ ገና ሊወልደው እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

ይህ ሁሉ ጩኸት በከንቱ አልቀረም። ለብዙ ዓመት የተከማቸው ቅሬታ ሲመረመር ቈይቶ በሐምሌ 2025 ዓ.ም. በብሪታንያ የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ጸደቀ። በዚህም ሕግ መሠረት የክለብን የደረት ምልክት ወይም በሜዳው የሚለብሰውን የማልያ ዋና ቀለም ለመለወጥ የሚሻ ባለቤት የብዙኀኑን ደጋፊ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ስምንም ለመለወጥ ያለ እግር ኳስ ማኅበሩ ፈቃድ አይቻልም። በጀርመን አገር ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በጸና ደንብ የድምፁ ከግማሽ በላይ በአባላት እጅ እንዲቀር ተደርጓል። በካርዲፍ በ2012 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ኖሮ ባለቤቱ ገና ሳይጀምሩ በጠየቁ፥ መልሱንም በሰሙ፥ ሁለት ዓመት ተኩል የፈጀውም መቀያየም ባልኖረ ነበር።

ባለጸጋ ወደ ስፖርት አይግባ የሚል አሳብ የለንም። ያለ ገንዘብ ሜዳ አይሠራም፥ ሕፃን አይሠለጥንም፥ ዕዳም አይከፈልም። ነገር ግን ገንዘቡን ይዞ የሚመጣ ሰው የሚገዛው ነገር ሁለት መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። አንዱ ሀብት ነው፤ እርሱም ስታዲየሙ፥ የተጫዋቾቹ ውልና የሽያጩ ገቢ ነው፤ በዚህ እንደ ፈቀደ ያዝዛል። ሁለተኛው አደራ ነው፤ እርሱም ስሙ፥ ቀለሙና ስፍራው ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ይጠብቀዋል እንጂ አይለውጠውም፤ መለወጥ የሚያስፈልግ ሲመስለው ደግሞ ባለአደራዎቹን ጠርቶ ይጠይቃል። መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም፤ ሳይጠይቁ አድርጎ ኋላ መመለስ ግን ውድ ነው።

ደጋፊዎችም ከዚህ ታሪክ የሚማሩት አለ። ውለታን መካድ አይገባም፤ የወደቀን ክለብ ያነሣ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ምስጋና ግን ዝም ማለት አይደለም። የካርዲፍ ሰዎች ስለ ዕዳው መክፈል አመሰገኑ፤ ስለ ቀለሙ ግን እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ የቻሉት ጨዋዎች ስለ ሆኑ ነው፤ ያሸነፉትም በዚሁ ነው።

ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ በካርዲፍ ከተማ አባት የልጁን እጅ ይዞ ወደ ስታዲየሙ ይሄዳል። ልጁ የለበሰው ማልያ ከአባቱ ማልያ ጋራ አንድ ቀለም ነው፤ የአባቱም ከአያቱ ጋራ አንድ ነው። ቡድኑ ያሸንፍ ወይም ይሸነፍ እንደ ሆነ ሲሄዱ አያውቁም። የማን እንደ ሆኑ ግን ያውቃሉ፤ ይህንም ማንም ባለጸጋ አልሸጠላቸውም።